ከመድረክ የመጣ መርዶ

ሳቁ የጀመረው ከአቶ ዳኜ ቢሮ ነው። ዕለቱ እሑድ፣ ሰዓቱ ገና ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ የሰበታ ማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ በሙሉ «ከአዲስ አበባ ደራሲ ይመጣል» ተብሎ ከየቤቱ ተጠርቶ አግዳሚ ወንበር ይሸከማል። ዋና ጸሐፊው አቶ ዳኜ ግን እሱና ወንበር መሸከም ምን አገናኛቸው! ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን እያወዛወዘ፣ ከእንግዳው መጽሐፍ ያማረውን እየመረጠ ለሁለት መምህራን ያነብላቸዋል። «ስሙ፣ ስሙ እንጂ! ይቺ ገረድ እኮ የእመቤቷን ዶሮዎች በሙሉ ሾማቸዋለች። አውራው ፊታውራሪ ነው። ክንፏ የተሰበረችው ምክትል ናት። ያቺ እንቁላል የማትጥለዋ ደግሞ ዳኛዋ ትባላለች፤ ቀኑን ሙሉ ተጎልታ ትውልና ምንም ሳትፈርድ ትነሳለች። ኧረ በሞቴ!» መምህራኑ ሆዳቸውን ይዘው ተንከተከቱ። ሁለት ወንበር አንጠልጥሎ በደጁ ሲያልፍ የነበረው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አሥራት ባለበት ክው ብሎ ቀረ።

በዚህ ዓለም ላይ «ዳኛዋ» የምትባል ዶሮ አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም የነበረችው በአሥራት እናት ግቢ ውስጥ ነው። ስሙን ያወጣችላት እህቱ አትክልት ናት። አባታቸው በርስት ክርክር አራት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላልሶ፣ ጉዳዩ ሳይፈረድለት የሞተ ሰው ነው። የዘጠኝ ዓመቷ አትክልት ለቀስተኛው በተበተነ ማግሥት ያቺን ቂጧን ከጎጆዋ የማታነሳ ዶሮ ትኩር ብላ አይታ «ይቺ ዳኛዋ ናት» አለች። በዚያ ሰሞን በዚያ ቤት የተሳቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሁሉም ዶሮ ሹመት ሆነ፤ እህል በበተነች ቁጥር «ሹመት ያዳብር!» እያለች እጅ ትነሳቸው ነበር። ስሞቹን አሥራት ያውቃል፣ እናቱ ማሪቱ ታውቃለች፣ አትክልት ታውቃለች። አራተኛ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። እና ይኸ የአዲስ አበባ ሰው ከየት አመጣቸው?

አትክልት ከጠፋች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ዐሥራ አራት ዓመት ሲሞላት እጇን ይዞ ጉለሌ፣ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የሚባሉ ትልቅ ሴትዮ ቤት ለሥራ ያስገባት ራሱ አሥራት ነው። በሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የታኅሣሥ ግርግር ከተማው በተኩስ ሲናጥ ልጅቷ ጠፋች። መንገድ ተከፍቶ ቢሄድ ወይዘሮዋ ከበር እንኳ ሳያሳልፉት «እኔ ምን አውቄ፣ ወደ አገሯ ሄዳለች» ብለው መለሱት። ሆስፒታል ለሆስፒታል ዞረ። ሬሳ ቤት ገብቶ የማያውቀውን ሰው ሁሉ ፊት ገልጦ አየ። ፖሊስ ጣቢያ ደጅ ጠና። የለችም። መርዶ ደግሞ መቼም እንዲሁ በወሬ አይሆንም፤ ሽማግሌዎች ለባብሰው፣ በማለዳ መጥተው፣ ቆመው ነው የሚያረዱህ። እስከዚያ ድረስ ሰውህ አልሞተም። ለማሪቱ ማንም መጥቶ የቆመላት የለም፤ ስለዚህ አላለቀሰችም፣ ጥቁር አልለበሰችም፣ ተዝካርም አላወጣች። ሰው ቤት ለቅሶ ስትሄድ ድንኳን ውስጥ አትገባም፤ ደጅ ድንጋይ ላይ ትቀመጣለች። ለምን ቢሏት «የኔ ነገር አልለየለትም፤ የሰው ለቅሶ አላበላሽም» ትላለች። አሥራት ይኸው ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ አላገባም። ሽማግሌ ልላክ ባለ ቁጥር «እህትህ ትምጣና» ትለዋለች። ስሟን ግን በዚያ ቤት የሚጠራ የለም።

«አቶ ዳኜ፣ መጽሐፉን ላንድ አፍታ ቢሰጡኝ» አለ አሥራት፣ ወንበሮቹን መሬት አስቀምጦ።

«ምን ልታደርገው? አንተ ከመዝገብ ሌላም ታነባለህ እንዴ?» አቶ ዳኜ መምህራኑን ጠቀሰና ወረወረለት። «አንድ ብር ከሃምሳ የወጣበት ነው፣ በላብህ እንዳታበሰብሰው!»

ሽፋኑ «የጓዳ ሰው» ይላል፤ ከሥሩ የደራሲው ስም፣ ብዙነህ። አሥራት መዝገብ ቤት ገብቶ በሩን ከውስጥ ሸጎረው። በዚያች መስኮቷ የእጅ መዳፍ በምታህል ክፍል፣ አይጥ በቀማመሰው የመዝገብ ክምር መካከል ቆሞ መጽሐፉን ከመሀል ገለጠ፣ ከፊት ገለጠ፣ ከኋላ ገለጠ። ልጅቷ በመጽሐፉ ዘነበች ትባላለች። ስሟ ሌላ ነው እንጂ ምኗ ይቀራል? ግራ ጆሮዋ ስለማይሰማ ሰው ሲያናግራት ቀኟን ታዞራለች። እንጀራዋን ከበር ኋላ ቆማ ትበላለች። ስትፈራ ትስቃለች፤ ስለምትስቅም ትመታለች። መመታቷን አሥራት አያውቅም ነበር፤ እዚያው ቆሞ እንባው ዱብ ዱብ አለ። መጨረሻው ምዕራፍ ላይ የእመቤቲቱ የወርቅ መስቀል ይጠፋል። «ሌባ!» ተብላ በተኩሱ መሀል ከግቢ ትባረራለች። ስትሄድ ትውልና ገፈርሳ ስትደርስ ይመሽባታል። ግድቡ ዳር ቁጭ ብላ ዶሮዎቿን በየማዕረጋቸው ጠርታ ከተሰናበተቻቸው በኋላ ውሃው ውስጥ ትገባለች። ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አራት። «ተፈጸመ» ይላል ከግርጌው።

አሥራት መጽሐፉን ከድኖ ግንቡን ተደገፈ። ልብ ወለድ መሆኑን ያውቃል፣ ያልተማረ ሰው አይደለም፤ ደራሲ ያሻውን ሊገድል ያሻውን ሊያድን እንደሚችል ያውቃል። ግን ዶሮዎቹ እውነት ናቸው። ጆሮዋም እውነት ነው። ታዲያ ውሃውስ? ሰውየውን ለብቻው ይዞ «ሞታለች ወይስ አልሞተችም?» ብሎ መጠየቅ አለበት፤ ሌላ ጥያቄ የለውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ለዚህች አንድ ቃል ስንቱን ደጅ ጠንቷል! እስከዚያ ድረስ ግን እናቱ ጆሮ ምንም መድረስ የለበትም።

ቤቱ ከማዘጋጃ ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ በሩጫ ደረሰ። ማሪቱ ከቅዳሴ ተመልሳ በረንዳው ላይ ምስር ትለቅማለች። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ የፊተኛው የሷ፣ የኋለኛው የሱ፣ መሀሉ ላይ ማንም የማይተኛበት አንድ የጠፍር አልጋ። አልጋው ላይ ማንም አይቀመጥም፣ ዕቃም አይቀመጥበትም፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ አንሶላው ይታጠባል። ከአሥራት ሌላ የታጠበ አንሶላ ሽታ እንደዚህ ያስጠላው ሰው ይኖር ይሆን? «ምን ሆነህ ነው የምታለከልከው?» አለችው። ምንም እንዳልሆነ ነገራት። ምስር ተወዷል አለችው። አዎ፣ ሁሉ ነገር ተወዷል አላት። እጇ ድንጋዩን ከምስሩ እየለየ ይጥላል፤ እሱ ከላይ ቆሞ ጭንቅላቷን፣ የሳሳውን ሽበቷን ያያል። «እማዬ፣ ዛሬ አዳራሹ ጋ እንዳትመጪ። የመንግሥት ስብሰባ ነው፣ ለሴት አይሆንም» አላት። «እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?» አለች። እሱም ወደ አዳራሹ ተመለሰ።

የረሳው ነገር ቢኖር ዓርብ ዕለት የሆነውን ነው። አውራጃ ገዥው ስለሚገኙ አዳራሹ ባዶ ሆኖ እንዳያሳፍረን ተብሎ «እያንዳንዱ ሠራተኛ ሦስት ሦስት ሰው ይዞ ይምጣ» የሚል ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። አሥራት ማን ዘመድ አለው? ለጎረቤቱ ለባለሱቁ ሚስት ለራቢአ ነገራት፤ «ነጻ ነው፣ ሻይም አለ፣ የምታውቂውን ይዘሽ ነይ» አላት። ራቢአ ደግሞ ደግ ሴት ናት። ብቻዋን በረንዳ ላይ የምትውለውን አሮጊት ሳታይ የምታልፍ አይደለችም።

አዳራሹን የሰበታ ሰው ቴአትር ቤት ይለዋል፤ ድሮ እህል መጋዘን ነበር። እሑድ እሑድ ፊልም ይታይበታል፣ በበዓል ከአዲስ አበባ ተዋንያን ይመጡበታል። ያን ቀን ጢም ብሎ ሞላ። ደራሲው በግራጫ ቮልስዋገን አርፍዶ መጣ፤ ቀጭን፣ ጥቁር ሱፍ የለበሰ፣ ሠላሳ ዓመት ያልዘለለ ሰው ነው። አሥራት ሊጠጋው ቢሞክር ሹማምንቱ ከበውታል፤ አቶ ዳኜ ክርኑን ይዞታል። «ጌታዬ፣ አንድ ጥያቄ» ቢል አቶ ዳኜ «ጥያቄ በኋላ በወረቀት ነው፣ ዞር በል!» ብሎ ገፋው። አዳራሹ በር ላይ ዘበኛው ኦቦ ባይሳ ዱላቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ «ዛሬ ፊትህ ትክክል አይደለም፣ ኢልመ ኮ፣ ልጄ» አሉት። መድረኩ ላይ የነበረው ወንበር ሁለት ብቻ ስለሆነ ገዥውና ደራሲው ተቀመጡ፤ የከተማው ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ከኋላ ተደርድረው ቆሙ።

ደራሲው መጀመሪያ ስለ ሥነ ጽሑፍ ተናገረ። ሕዝቡ አፉን ከፍቶ አዳመጠ፤ የገባው የገባውን ያህል አጨበጨበ። ሰውየው ድምፁ ጥሩ ነው፣ ዐይኑ ግን ሰው ላይ አያርፍም፤ አንድ የሚፈልገው ሰው ያለ ይመስል ከረድፍ ረድፍ ይዞራል። ከዚያ መጽሐፉን አነሳና «የመጨረሻውን ምዕራፍ ላንብብላችሁ» አለ። አሥራት በጎን በኩል ግድግዳውን ተደግፎ ነበር። ንባቡ ተጀመረ፤ መስቀሉ ጠፋ፣ ልጅቷ ተባረረች። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠ። ግድቡ ጋ ሲደርስ አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ጉንፋን የያዘው እንኳ ሳሉን ዋጠ። «ደኅና ሁን ፊታውራሪ» አነበበ ደራሲው፤ «ደኅና ሁኚ ምክትል። ደኅና ሁኚ ዳኛዋ፣ እንግዲህ ፍረጂ።»

መሀል ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ብድግ አለች። አሥራት ፊቷን ከማየቱ በፊት ሽበቷን ዐወቀው።

ልብ ወለድ ምን እንደሆነ ለማሪቱ የነገራት ሰው የለም። እሷ ያየችው ሌላ ነው። ጥቁር የለበሰ እንግዳ ሰው ከሩቅ መጥቷል፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎች ከኋላው ቆመዋል፣ ሰው ሁሉ ተሰብስቧል፣ እንግዳውም የልጇን ነገር ከመነሻው እስከ መድረሻው ቆሞ ይናገራል። ይኸ መርዶ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ዘጠኝ ዓመት ስትጠብቀው የኖረች ሴት እንዴት ትስተዋለች? ነጠላዋን ከራሷ ገፍፋ ወገቧን ታጠቀች። «አትክልቴን! አትክልቴን ወይ!» አለችና ደረቷን ደቃችው። ድምፁ ከዚያች ትንሽ ሰውነት ይወጣል ብሎ ማንም አይገምትም። «ያችን ፈሪ ልጄን! ያችን ሳቂታ ልጄን! ውሃ በላሽ ወይ!» ፊቷን ነጨችው። ከዚያ ሁለት እጇን ወደ መድረኩ ዘረጋች፦ «አንተ የሰው ልጅ፣ እግዜር ይስጥህ! ነገርከኝ! ዘጠኝ ዓመት አንድ ሰው አልነገረኝም፣ አንተ ነገርከኝ! ልጅህን አትጣ!»

ሰዉም አጨበጨበ። ወይ ጉድ! ለፋሲካ የመጡት ተዋንያን አንዷን ከሕዝቡ መሀል አስነስተው አስለቅሰዋት ስለነበር፣ ሰዉ ይችም የትርኢቱ ናት ብሎ አጨበጨበ። ከኋላ ያሉት ለማየት ወንበር ላይ ቆሙ። «አቤት ስትችልበት!» ያለ ሁሉ አለ። አቶ ዳኜ እንኳ ደራሲው ያመጣት መስሎት በፈገግታ እጁን እያማታ ነበር። ደራሲው ግን «አትክልት» የሚለውን ስም ሲሰማ መጽሐፉ ከእጁ ወድቆ መድረኩ ላይ ተዘረጋ። አሥራት ወንበር እየረገጠ፣ ሰው እየገፈተረ እናቱ ጋ ደረሰ። ጭብጨባው የቆመው የሰበታ ሴቶች ማሪቱን ዐውቀው፣ ራቢአ «ኧረ የእውነት ነው! ኧረ እናንተ ሰዎች!» ብላ ስትጮህ ነው። ከዚያ አንዷ ታጠቀች፣ ሌላዋ ታጠቀች፣ ለቅሶው አዳራሹን አዳረሰው፤ ማሪቱን ደግፈው እያለቀሱ ወደ ቤቷ ወሰዷት። አውራጃ ገዥው ኮፍያቸውን አንስተው በኋላ በር ወጡ።

አሥራት አብሯቸው አልሄደም። ደራሲውን አቶ ዳኜ ቢሮ ውስጥ አገኘው፤ ብቻውን፣ ያ ሳቅ ሲሳቅበት የነበረው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሟል።

«ስሟ ዘነበች አይደለም» አለው አሥራት።

«አውቃለሁ» አለ ሰውየው። «ወይዘሮ ሮማነወርቅ እናቴ ናት።»

አሥራት አንዲት ነገር ብቻ ሊጠይቅ ነበር የመጣው። ደራሲው ሳይጠየቅ ጀመረ። አትክልት ጓዳ ውስጥ ነገሯን ሁሉ የምትነግረው ለእሱ ነበር፤ ከግቢው ሰው ሁሉ የሚያናግራት እሱ ብቻ ነው፣ ዶሮዎቹንም በሹመታቸው ያስተዋወቀችው እሷ ናት። መስቀሉ እውነት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከእናቱ ካባ ገበር ውስጥ ተገኘ፤ እናቱ ምንም ሳትል አንገቷ ላይ አሰረችው። እስከ ዛሬ ድረስ ስለዚያ ነገር እናትና ልጅ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። «ስትወጣ በሩ ላይ እኔ ነበርኩ» አለ። «ጥይቱ ይንጣጣል፣ ግንቡን ተደግፌ ቁጢጥ ብያለሁ። የሰበታ መንገድ በየት ነው አለችኝ። ሁልጊዜ በመኪና ነበር የምትመጣው፣ አታውቀውም። እኔ ፈርቻለሁ፤ ቀና ብዬ እንኳ አላየኋት። በእጄ እንዲህ ብዬ ጠቆምኳት።» እጁን ወደ መስኮቱ ዘረጋ። «ከሄደች በኋላ ነው የአምቦ መንገድ መሆኑ ትዝ ያለኝ።»

«ተከትለው አልጠሯትም?»

«አልጠራኋትም።»

«ውሃውስ?»

«ውሃውን እኔ ነኝ የጻፍኩት። የአምቦ መንገድ ገፈርሳን አልፎ ነው የሚሄደው፤ በሕልሜ ሁልጊዜ እዚያ ውሃ ዳር ተቀምጣ አያታለሁ፣ ስለዚህ እዚያ ጨረስኳት። የት እንደደረሰች ግን አላውቅም። መሞቷንም አላውቅም። ምናልባት አግብታ፣ ወልዳ አንድ ቦታ ትኖር ይሆናል።»

አሥራት አንቱታው ጠፋበት። «ዘጠኝ ዓመት!» አለ። «ሁለት መቶ ዐሥራ አራት ገጽ ለመጻፍ ጊዜ አገኘህ፤ አንድ ሰው ሰበታ ልከህ መንገዷን አሳስቻታለሁ ለማለት ጊዜ አጣህ? አምቦ መንገድ ብለኸኝ ቢሆን እኔ በአምቦ መንገድ አልፈልጋትም ነበር? እኔ ሬሳ ቤት ነው የከረምኩት!» ሰውየው አልተከራከረውም። ሌላ ከተማም ጠርተውት እንደነበረ፣ ሰበታን የመረጠው ራሱ መሆኑን፣ ከሕዝቡ መሀል አንድ ሰው ተነስቶ እንዲጠይቀው ሲጠብቅ እንደነበረ ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረ። «እናትህ ግን አመሰገነችኝ» አለ። «ልምጣና እውነቱን ልንገራት። መጨረሻው ፈጠራ ነው ልበላት።»

በመስኮቱ በኩል የሴቶቹ ለቅሶ ከሩቅ ይሰማል። አሥራት አዳመጠ። አሁን ይኸ ሰው ሄዶ «አላውቅም» ቢላት ለቅሶው ይቆማል፤ ማሪቱ ነጠላዋን ትፈታለች፣ እንባዋን ትጠርጋለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንሶላ ታጥባለች። ሌላ ዘጠኝ ዓመት፣ ከዚያም ሌላ። ባይነግራት ደግሞ እህቱ ምናልባት በሕይወት ሳለች ይቀብራታል። ሁለቱንም አየ፤ ሁለቱንም ፈራቸው። «አትምጣ» አለው በመጨረሻ። «መርዷችንን ተቀብለናል።»

ቤት ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ግቢው ውስጥ የእድሩ ሸራ ተዘርግቷል። ራቢአ በር ላይ ተቀብላው «እኔ ነኝ ይዣቸው የሄድኩት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ» ብላ አለቀሰች፤ ትከሻዋን ነካ አድርጎ አለፈ። እናቱ መሬት በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ተቀምጣለች። ፊቷ ተቧጥጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል፤ ዐይኗ ግን ረገብ ብሎ፣ ከባድ ሸክም አውርዶ እንደተቀመጠ ሰው ሆናለች። እንዲህ ሆና አይቷት አያውቅም። ሴቶቹን ፈቀቅ እንዲሉ በእጇ ምልክት ሰጥታ አጠገቧ አስቀመጠችው።

«ሰውየውን አነጋገርከው?»

«አነጋገርኩት።»

«ራሷን ጣለች?» አለች በሹክሹክታ። «ራሱን ያጠፋ እንደሆን አይፈታም። እውነቱን ንገረኝ።»

«አልጣለችም» አለ አሥራት። «ውሃ ልትጠጣ ጎንበስ ስትል ነው ያዳለጣት። እሱ ለመጽሐፉ እንዲያምር ብሎ ነው።»

«የት ቀበሯት?»

«እዚያው ገፈርሳ። ከውሃው በላይ ቤተ ክርስቲያን አለ።»

«ተፈታች? ካህን ነበረ?»

«ሦስት ካህናት ነበሩ» አለ። ሦስት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣለት አላወቀም። ማሪቱ ግን ጠየቀች፣ እሱም መለሰ። በምን ገነዟት? በነጭ አቡጀዲ። ሰው ነበረ? ብዙ ሰው። ሴት አለቀሰችላት? የባላገር ሴቶች አለቀሱላት፣ አንዷ እንዲያውም የራሷን ነጠላ አለበሰቻት። ዝናብ ነበረ? የለም፣ ፀሐይ ነበረ። እየተናገረ ሳለ ቀብሩ በዐይኑ ታየው፤ የሴቲቱን ነጠላ ጥለት ቀለም ሁሉ ቢጠየቅ ይናገራል። ያን ሰውዬ እንደዚያ ሲቆጣው የነበረው እሱ ነው! ማሪቱ እያንዳንዱን ቃል ራሷን እየነቀነቀች ተቀበለች፤ ከዚያ ጉልበቱን ይዛ «ነገ ትወስደኛለህ። መቃብሯን ልይ» አለችው።

«እሺ እማዬ» አለ አሥራት።

ወደ ውጭ ወጣ። ከሸራው ጀርባ ኦቦ ባይሳ ለለቀስተኛ የሚሆን ግንድ ይፈልጣሉ። አሥራት አጠገባቸው ቆመ፤ እሳቸውም መጥረቢያቸውን አስቀመጡ። «ኦቦ ባይሳ» አለ፤ «እርስዎ በዚያ በገፈርሳ በኩል ሰው ያውቃሉ?»

«የሚስቴ አገር ነው።»

«እዚያ ካለው ቤተ ክርስቲያን ግቢ...» አሥራት መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ፤ «የማን እንደሆነ የማይታወቅ መቃብር ይኖር ይሆን? ሰው የማይመጣበት። እናቴን ነገ ወስጄ ማሳየት አለብኝ።»

ኦቦ ባይሳ ምንም አልተገረሙም፤ ወይም ተገርመው ከሆነ ፊታቸው አልተናገረም። ላባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ። «አንድ አለ» አሉ። «የሴት ነው። ከውሃው ያወጧት ናት፣ ልጅ እግር ነበረች አሉ። ዘመድ ቢጠበቅ የመጣ የለም። ስሟን ያወቀ ስላልነበረ ቄሱ ወለተ ማርያም ብለው ቀበሯት።»

«መቼ ነው?» የሚለው ቃል አሥራት ጉሮሮ ድረስ መጣ። ኦቦ ባይሳም ይጠይቀኛል ብለው ቀና ብለው ጠበቁት። ከውስጥ እናቱ በተዘጋ ድምፅዋ ለሴቶቹ ትተርክላቸዋለች፤ ሦስት ካህናት ነበሩ ትላቸዋለች፣ አንዲት የባላገር ሴት የራሷን ነጠላ አለበሰቻት ትላቸዋለች።

«በስንት ሰዓት እንነሳ?» አለ አሥራት።

«በማለዳ» አሉ ኦቦ ባይሳ።